ክልሉ ከዱርቤቴ ሲታይ

ስለ አማራ ክልል የሚጻፍ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከባሕር ዳር ነው። ምክር ቤቱም፣ ቢሮዎቹም፣ ጋዜጠኛውም እዚያው ሐይቁ ዳር ናቸው። ካልሆነም ከጎንደር ግንብ፣ ከላሊበላ ወይም ከራስ ዳሸን ይጀመራል። እኔ ግን ክልሉን ማየት ለሚፈልግ ሰው ዱርቤቴ ትሻላለች ባይ ነኝ። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጎጃም በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አስፋልት መራዊንና ወተት ዓባይን አልፎ የሚያገኛት የደቡብ አቸፈር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እሷ ላይ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ ወደ ዳንግላ ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ ኩንዝላ፣ ወደ ጣና ምዕራብ ዳርቻ ይሄዳል።

ክልል የሚባለው መንግሥት ምን ማድረግ እንደሚችል፣ ምንስ እንደማይችል የሚለየው እንዲህ ባለች የወረዳ ከተማ ነው። ባሕር ዳር ላይ ሁሉም መሥሪያ ቤት በየሕንፃው ታፔላ ሰቅሎ ስለሚታይ ሁሉም የሚሠራ ይመስላል። ዱርቤቴ ላይ ግን ባለጉዳዩ የሚያገኘው አንድ ወረዳ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ “ከላይ” ይለዋል። ይህ “ከላይ” አንዳንዴ ዞን ነው፣ አንዳንዴ ክልል፣ አንዳንዴም ፌዴራል። ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣው ሰው ለይቶ አያውቀውም፤ ቢያውቀውም አይጠቅመውም። የእኔ መከራከሪያ ይህን መለየት ይጠቅማል የሚል ነው። ሲለይ የሚገኘው ደግሞ ይህ ነው፦ አማራ ክልል ወደ ታች ሲያዝ ክንዱ ብርቱ ነው፤ ወደ ላይ ሲጠይቅ ግን ድምፁ ቶሎ ይዝላል።

ክልሉ በዛሬ መልኩ ዕድሜው አጭር ነው። ከ1983 በፊት የዱርቤቴ ሰው አገርህ የት ነው ሲባል አቸፈር ይል ነበር፤ ጠያቂው ከሩቅ ከመጣ ደግሞ ጎጃም። ጎጃም ጠቅላይ ግዛት ነበር፣ ኋላ ክፍለ ሀገር ሆነ፣ መቀመጫውም ደብረ ማርቆስ ነበር። ደርግ በ1980 ሀገሪቱን በ24 የአስተዳደር አካባቢዎችና በ5 ራስ ገዞች ሲሸነሽን ጎጃምም ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ተከፈለ፤ መተከልም ለብቻው ወጣ። የሽግግሩ መንግሥት በ1984 በአዋጅ ቁጥር 7 ካርታውን እንደገና ሲያወጣ የጎጃም፣ የጎንደር፣ የወሎና የሰሜን ሸዋ ሰፋፊ ክፍሎች አንድ ላይ ተደርገው ክልል 3 ተባሉ። መተከል ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ገባ፤ ወልቃይት ወደ ትግራይ ሄደ። በነገራችን ላይ አማራ የሚል ስም የያዘ የአስተዳደር ክፍል ከዚያ በፊት በዘመናዊ ካርታ ላይ የታየው ፋሺስት ጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ብሎ የያዘውን ሁሉ በስድስት ግዛት ከፍሎ አንዱን ከጎንደር ያስተዳደረ ጊዜ ነው። የጥንቷ ቤተ አማራ ደግሞ በዛሬው ደቡብ ወሎ አካባቢ የነበረች ናት። ጎጃሜው፣ ጎንደሬው፣ ወሎዬውና ሸዌው አንድ በጀትና አንድ ምክር ቤት ከተጋሩ ገና ሠላሳ ዓመት ትንሽ ቢያልፍ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸድቆ በአንቀጽ 47 ዘጠኝ ክልሎችን ዘረዘረ። ዛሬ 12 ደርሰዋል፤ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሁሉም ከአንድ ደቡብ ማሕፀን የወጡ ናቸው። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ናይጄሪያ በ1953 ነፃ ስትወጣ ሦስት ክልል ነበራት፣ ዛሬ 36 ግዛቶች አሏት። አማራ ክልል ግን ወደ ውጭ አልተከፈለም፤ የተከፈለው ወደ ውስጥ ነው። ከዱርቤቴ ወደ ዳንግላ የሚሄድ ሰው ብዙም ሳይቆይ አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ ይገባል። መቀመጫው እንጅባራ ነው፤ የራሱ የብሔረሰብ ምክር ቤት አለው፤ ትምህርት ቤቶቹም ልጆችን በአዊኛ ያስተምራሉ። ዋግ ኽምራ ከሰቆጣ፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ከከሚሴ እንዲሁ ይተዳደራሉ፤ አርጎባም ልዩ ወረዳ አላት። ሌሎች ብዙ ክልሎች ይህን ለማድረግ ሲያመነቱ አማራ ክልል ቀድሞ በሕገ መንግሥቱ አስገብቶታል። በቅማንት ሕዝብ የራስ አስተዳደር ጥያቄ ላይ ግን ያው ክልል ተንገዳግዶ ብዙ ደም ፈስሷል፤ ያ ራሱን የቻለ ሐተታ ይፈልጋል።

ዱርቤቴ ራሷ ከምዕራብ ጎጃም ወጥታ ዛሬ በሰሜን ጎጃም ዞን ሥር ናት። ለባለጉዳይ የዞን መቀየር ማለት የይግባኝ አቅጣጫ መቀየር ነው፤ ፍኖተ ሰላም ድረስ ይወርድ የነበረው ወደ ሌላ ዞረ።

አሁን ወደ ክንዱ ብርታት እንምጣ፤ መሬት ላይ ነው የሚታየው።

የክልሉ ምክር ቤት በ1989 በአዋጅ ቁጥር 16 መሬት እንደገና እንዲደለደል ወሰነ። ኢሕአዴግ ከ1983 በፊት በያዛቸው የወሎና የጎንደር አካባቢዎች ድልድሉ ቀደም ብሎ ተካሂዶ ነበር፤ የቀሩት ጎጃምና ሰሜን ሸዋ ነበሩ። አቸፈርም ሆነ ሜጫ ያለው ገበሬ አንድ ቀን ማለዳ ስብሰባ ተጠርቶ በሦስት መደብ ተመደበ። በንጉሡ ዘመን ጉልት የነበረው ቤተሰብ ልጅ “ፊውዳል” ተባለ። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ አንዳንድ ቦታ ከዚያም ዝቅ ያለ ኃላፊነት የነበረው “ቢሮክራት” ሆነ። የቀረው ጭቁን ገበሬ ነው። ሌላው እስከ 3 ሄክታር ሲይዝ የሁለቱ መደቦች ይዞታ ከ1 ሄክታር፣ በአካባቢው አነጋገር ከአራት ቃዳ፣ እንዳያልፍ ተደረገ። የተነጠቀው መሬት ለወጣቱና መሬት ላልነበራት ሴት ተሰጠ።

ይህን ድልድል በአንድ ቃል መጥፎ ነበር ብሎ ማለፍ አልችልም። በስሟ መሬት ኖሯት የማታውቅ ብዙ ሴት ያን ጊዜ ባለ ይዞታ ሆናለች፤ ያ መሬት ዛሬም ልጆቿን ያበላል። ግን መሬቱ የተነጠቀው ስንት ቃዳ አለህ ተብሎ ብቻ ሳይሆን ማን ነበርክ ተብሎም ነው። በዚያው ቀበሌ እኩል መሬት የያዙ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ የደርግ ጊዜ ማኅበር ጸሐፊ ስለነበር ብቻ ግማሹን አጣ። ከጎጃም አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት ያሉ ገበሬዎች ነበሩ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ደግፈው ሰልፍ ወጥተዋል። ውሳኔው አልተነቃነቀም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው አባባል ክልል ለሚባለው አዲስ ንጉሥም እንደሚሠራ ጎጃም ያወቀው ያን ጊዜ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ በዚህ አገር ሰው ልብ ውስጥ ክልሉ የተቀረጸው በባንዲራው ወይም በመዝሙሩ ሳይሆን በ1989 በተዘረጋው ገመድ ነው።

ያው ክልል ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከብዙዎቹ ክልሎች ቀድሞ ጥሩ ሥራ ሠርቷል። በስዊድኑ ሲዳ እገዛ በጎዛምንና በደሴ ዙሪያ ተሞክሮ ወደ መላው ክልል የተስፋፋው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ማለቴ ነው። የዱርቤቴ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ወረፋ የያዘ ሰው ብብቱ ሥር የሚወሽቃት ደብተር እሷ ናት፤ ዝናብ እንዳይነካት በላስቲክ ተጠቅልላለች። ሲከፍቷት የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አለ፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ ማሳ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ ከማን ጋር እንደሚዋሰን በእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። “አባባ፣ ደብተርዎን አምጥተዋል?” ይላል ወጣቱ ባለሙያ። “አምጥቻለሁ ልጄ፤ የሷ ፎቶ ግን ደብዝዟል።” “ምንም አይል አባባ፤ ስሟ እስካለ ይበቃል።” የሚስት ፎቶ ከባል እኩል ደብተር ላይ መለጠፉ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የፍቺ ችሎት ውስጥ የተቀመጠ ዳኛ ግን ትንሽ አይለውም። በ1998 የወጣው የክልሉ የመሬት አዋጅ ደግሞ ከባለ ይዞታዎቹ 80 በመቶው ካልፈለጉ በቀር እንደገና ሽግሽግ አይደረግም ብሏል። የ1989ኙ ፍርሃት ሕግ ሆኖ መዝገብ ውስጥ የገባበት አንቀጽ ነው።

እስካሁን ያየነው ክልል ያነሣል፣ ይጥላል፣ ይጽፋል። ወደ ኩንዝላ ታጥፈን ስንሄድ የምናየው ሌላ ክልል ነው።

ኩንዝላ አካባቢ ከሐይቁ ዳር የጣና ውኃ ወደ መሬት ውስጥ ይገባል። 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ ይወስደውና ከበለስ ተፋሰስ በኩል ተርባይን ያሽከረክራል። ጣና በለስ ይህ ነው፤ ሳሊኒ የሠራው፣ ግንቦት 2002 የተመረቀው፣ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው፣ በምረቃው ቀን በሀገሪቱ ትልቁ የነበረው የኃይል ማመንጫ። ውኃው ከተርባይኑ ወጥቶ በለስን ይከተላል፤ በለስም ቤኒሻንጉል ውስጥ ዓባይን ይገናኛል። በባሕር ዳር በኩል በጢስ እሳት ላይ ይወርድ የነበረው ዓባይ በዚህ በኩል በጓሮ በር ወጥቶ ራሱን ከታች ያገኘዋል ማለት ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። ከአንድ ክልል በላይ የሚያቋርጥ ውኃ አጠቃቀሙን የሚወስነው በአንቀጽ 51 መሠረት ፌዴራሉ ነው፤ ክልሉ በአንቀጽ 52 መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የሚያስተዳድረው ፌዴራሉ በሚያወጣው ሕግ ሥር ነው። በዚህ አልከራከርም፤ ዓባይን የሚያህል ወንዝ ለአንድ ክልል አይተውም። ሕንድም ብትሆን በወንዞቿ ላይ ግዛቶቿ ሲጣሉ ጉዳዩን የሚያየው በማዕከላዊ መንግሥቱ የሚቋቋም ልዩ ችሎት ነው። ጥያቄዬ ሒሳቡ ላይ ነው። የጢስ እሳት ፏፏቴ ቀድሞ በጨራ ጨራ ግድብና በጢስ ዓባይ ሁለተኛው ጣቢያ፣ ኋላም በጣና በለስ ምክንያት ብዙ ወር እንደ ክር ቀጥኗል። ፏፏቴውን ሊያይ ይመጣ የነበረው ጎብኚ የሚተወው ገንዘብ ለጢስ ዓባይ ከተማ ነጋዴና አስጎብኚ ነበር። ኪሳራው የአካባቢው ሆኖ ገቢው የፌዴራል ድርጅት ነው። በሌላ በኩል እምቦጭ በ2004 ገደማ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ሲታይ አረሙን የመንቀሉ ሥራ በአብዛኛው የወደቀው በክልሉና በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያና በፎገራ ገበሬ ትከሻ ላይ ነው። እስከ ብብቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲጎትት የዋለው ገበሬ የትኛው አንቀጽ እንዳዘዘው አልተነገረውም። ፌዴራሉና ውጭ ያለው ወገን ማሽን ገዝተው መላካቸውን አልክድም። ሆኖም ከሐይቁ ውኃ ከሚገኘው የመብራት ገቢ ለሐይቁ እንክብካቤ ይህን ያህል ይመለስ የሚል ቋሚ አሠራር ሲጠየቅ ክልሉ ጮክ ብሎ ሲከራከር አልሰማንም። በአቸፈር ገጠር ዛሬም በኩራዝና በፀሐይ ባትሪ የሚያመሽ ቤት ብዙ ነው።

ይኸው ነገር በማዳበሪያ ይደገማል። ደቡብ አቸፈር የበቆሎ አገር ነው። ዳጉሳና ጤፍም አለ፣ በቆሎ ግን ማዳበሪያ ካልቀመሰ አገዳው ቁመት አያወጣም። ማዳበሪያውን የሚገዛው የፌዴራሉ የግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው። ጅቡቲ ይራገፋል፣ በጭነት መኪና ዩኒየኑ መጋዘን ይገባል፣ ከዩኒየኑ ወደ መሠረታዊ ማኅበሩ፣ ከማኅበሩ በግብርና ጽሕፈት ቤቱ ዝርዝር መሠረት ለገበሬው። ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ ክልሉ የያዘው የመጨረሻዋን ቀለበት፣ ማለትም ዝርዝሩን ነው። የጨረታው መዘግየት፣ የዶላሩ እጥረት፣ የወደቡ ወረፋ ከእጁ ውጪ ናቸው። በ2015 የክረምት መግቢያ ማዳበሪያ ሲጠፋ ግን ገበሬው ባሕር ዳር ድረስ መጥቶ የጮኸው በክልሉ ላይ ነው፤ ቅርብ ያለው እሱ ነውና። የወረዳው ባለሙያ ያለው መልስ “ከላይ አልመጣም” ብቻ ነው። ከሦስት ወር በፊት አስልቶ እጥረቱን በአደባባይ የሚናገር፣ ምክር ቤቱ ፊት ሚኒስቴሩን የሚጠይቅ የክልል መንግሥት ቢኖር ገበሬው ቢያንስ ዘሩን ያስተካክል ነበር፤ የበቆሎውን ማሳ ለዳጉሳ ያደርገው ነበር።

ለምን አይጠይቅም? አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። ሕገ መንግሥቱ ጉምሩኩንና የፌዴራል ድርጅቶቹን ግብር ለፌዴራሉ ሰጥቶ ለክልሉ ያስቀረለት የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያን፣ የገበሬውን የእርሻ ገቢ፣ የክልሉን ሠራተኛ ደመወዝ ግብርና የግለሰብ ነጋዴውን ነው። ከዱርቤቴ ባለሱቅና ከአቸፈር ገበሬ ተሰብስቦ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አይተዳደርም። ስለዚህ ክልሉ የሚኖረው በድጎማ ነው። ድጎማውን የሚያከፋፍለው ቀመር በፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወሰናል፤ አማራ ክልል ከኦሮሚያ ቀጥሎ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሚሆነውን ድርሻ ይወስዳል። ክልሉ ደግሞ የራሱን ቀመር አውጥቶ ለወረዳ ያወርዳል። ከ1994 ወዲህ ለወረዳ በጥቅል የሚሰጠው በጀት በወረቀት ላይ ወረዳውን ሉዓላዊ አድርጎታል፤ ሲደርስ ግን አብዛኛው የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያውና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ደመወዝ ነው። ሥራ ማስኬጃው ለነዳጅና ለወረቀት አይበቃም። አንድ የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሐምሌ ላይ የሚፈታው ችግር ምን እንሥራ የሚል አይደለም፤ ከሚያዝያ በኋላ ምን እንቀንስ የሚል ነው።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ ይኖራል፤ ክልሉ ወደ ላይ ድምፁን አሰምቶ ሀገር ያናወጠበት ጊዜ የለም ወይ ይለኛል። አለ። በ2008 ሐምሌ ጎንደር፣ ነሐሴ 1 ባሕር ዳር የወጣው ሰልፍና የፈሰሰው ደም፣ ከዚያም የክልሉ ገዥ ፓርቲ ብአዴን በኢሕአዴግ ውስጥ ለ2010ሩ ለውጥ የሰጠው ድምፅ ቀላል አልነበረም። ግን ልብ እንበል፤ ያ ድምፅ የመጣው በአደባባይና በፓርቲው ዝግ ስብሰባ ነው። 294 መቀመጫ ያለው የክልሉ ምክር ቤት በአዋጅ፣ በክርክር፣ በአጣሪ ጉባኤ ያመጣው አይደለም። ፓርቲው በ2011 አዴፓ፣ በ2012 ብልጽግና ሲሆን ያችም መንገድ ጠበበች፤ በፌዴራሉም በክልሉም የሚወስነው አንድ ፓርቲ ሆነ። ተቋም ያልሆነ ጉልበት ደግሞ ሰውን ይበላል። ከ2011 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ክልሉ አምስት አዳዲስ ርዕሳነ መስተዳድር አይቷል፦ አምባቸው መኮንን ሰኔ 15 ቀን 2011 በቢሯቸው ስብሰባ ላይ ተገደሉ፣ ከዚያ ተመስገን ጥሩነህ፣ አገኘሁ ተሻገር፣ ይልቃል ከፋለ፣ በመጨረሻም አረጋ ከበደ። የወረዳ አስተዳዳሪዎች ለውጡን ለመቁጠር ጊዜ አልነበራቸውም፤ አንዱ የጀመረውን ዕቅድ የሚቀጥለው ሳያነበው ይሄዳል።

በዚሁ መካከል የትግራይ ጦርነት ነበር። በ2013 እና በ2014 ከላሊበላና ከወልዲያ እስከ ደሴና ኮምቦልቻ የተያዘው፣ የተዘረፈውና የተሰደደው የክልሉ ምሥራቅ ክፍል ነው። ጎጃም ከግንባሩ ርቃ ስንቅና ልጅ ትልክ ነበር። ከትግራይ ጋር የሚያወዛግበው የወልቃይትና የራያ ጉዳይ ጦርነቱን ባቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈታ ተብሎ ተቀምጧል፤ እስከዚያው ግን ክልሉ ካርታው የት እንደሚያልቅ የማያከራክር መልስ የለውም።

የክልሉ ሥልጣን ዳር የታየው ግን በ2015 ነው። ሕገ መንግሥቱ ክልሎች የራሳቸው ፖሊስ እንዲኖራቸው ይፈቅዳል፤ ልዩ ኃይል የሚባለው በዚያ ጥላ ሥር አድጎ ነበር። መጋቢት 28 ፌዴራሉ የሁሉም ክልሎች ልዩ ኃይል ይፍረስ ብሎ ወሰነ። ክልሉ አልተቃወመም፤ ከልዩ ኃይሉ አባላትና ከሕዝቡ የተነሣውን ቁጣ ግን ማብረድ አልቻለም። ሐምሌ ላይ ፋኖ ከሚባሉት ታጣቂዎች ጋር የተነሣው ጦርነት በጎጃም፣ በጎንደር፣ በሸዋና በወሎ ሲቀጣጠል ርዕሰ መስተዳድሩ ለፌዴራሉ ደብዳቤ ጻፉ። መጻፍ ነበረባቸው፤ አንቀጽ 93 እንደሚለው አንድ ክልል በራሱ ሥልጣን የአስቸኳይ ጊዜ ማወጅ የሚችለው የተፈጥሮ አደጋ ወይም ወረርሽኝ ሲደርስ ብቻ ነውና። ሐምሌ 28 ቀን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ዐወጀ፤ ጥር 2016 ላይ ደግሞ ለአራት ወር ተራዘመ። የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። ከፋኖ ጋር የሚደረገው ውጊያ ዐዋጁ ካበቃም በኋላ ቀጥሏል።

ዱርቤቴ የተቀመጠችው በዚህ ሁሉ መሐል፣ በዋናው መንገድ ላይ ነው። መንገዱ የተዘጋ ቀን አውቶቡሱም፣ ማዳበሪያውም፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒትም ይቆማል፤ የተከፈተ ቀንም ሾፌሩ ከመነሣቱ በፊት ከወዲያ የመጣውን ይጠይቃል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ የክልሉ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ ሆነዋል፤ ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠው ልጅ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል ወይም ተሰዷል ወይም ጫካ ነው። ወረዳው ሥልጣኑ ከከተማው ዳር አልፎ የሚሄደው በየቀኑ ሁኔታ ነው። ወደ ታች ብርቱ ነው ያልነው ክንድ እንኳ ዛሬ ብዙ ቀበሌ አይደርስም፤ ግብር የሚሰበስበውም፣ ጉዳይ የሚዳኘውም ሌላ ሰው የሆነበት አካባቢ አለ። ለዚህ የተሠዋውን ሕይወት በአንቀጽ ክርክር ማሳነስ አልፈልግም። ግን ነገሩ ወደዚህ ከመድረሱ በፊት ምክር ቤቱ ልዩ ኃይሉ ስለሚፈርስበት አኳኋን፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ወልቃይት በግልጽ ተከራክሮ ቢሆን፣ ጠመንጃ ያነሣው ሰው ከማንሣቱ በፊት ወኪሉ ሲጠይቅለት ይሰማ ነበር። አልሰማም።

ሰላም ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ የገንዘብ ይሆናል፦ የፈረሰ ትምህርት ቤት፣ የተዘረፈ ጤና ጣቢያ፣ የተቋረጠ ደመወዝ። ያኔ ክልሉ የሚቀርበው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ የመጀመሪያው መለኪያ ሕዝብ ቁጥር ነው። በ1987ቱ ቆጠራ ክልሉ 13.8 ሚሊዮን ነበር፤ ከሀገሪቱ ሕዝብ ሩብ ያልፋል። በ1999ኙ 17.2 ሚሊዮን ተባለ። ከተገመተው በ2 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ያነሰ በመሆኑ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ሳይቀር አከራከረ፤ ድርሻውም ከሩብ በታች ወረደ። ጠፋ የተባለው ሕዝብ የት ሄደ የሚለው ጥያቄ ዛሬም ከአፍ አልጠፋም። አንዳንዱ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ይላል፤ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የወሊድ መቀነስን፣ ፍልሰትንና ሌላ ሌላውን ምክንያት አቅርቧል። እኔን የሚያሳስበኝ ክልሉ ያንን ክርክር በራሱ ባለሙያ፣ በራሱ ጥናት ሳይሆን በጭብጨባና በምሬት ማድረጉ ነው።

አንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄድ ይላል። በ2009 መካሄድ የነበረበት ተላለፈ፤ እንደገና ተላለፈ፤ በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች ባደረጉት የጋራ ስብሰባ አሁንም ተላለፈ። የ1999ኙ ቆጠራ ሲካሄድ ዱርቤቴ ውስጥ በእናቱ ማሕፀን የነበረ ልጅ ዛሬ 18 ዓመት ሞልቶት መምረጥ ይችላል። ለእሱ ትምህርት ቤት ደብተርና ወንበር የመጣው፣ ለወረዳው የጤና ጣቢያ መድኃኒት የተላከው፣ ወደፊትም የሚላከው እሱን ባልቆጠረ ቆጠራ ላይ በተደመረ ግምት ነው። የክልሉ ምክር ቤት በሚቀጥለው ጉባኤው የተጣበበ አጀንዳ እንዳለው አውቃለሁ። የቆጠራው ነገር ግን ባጀንዳው ላይ ቢቀመጥና ጥያቄው ስምና ቀን ተጽፎበት ለፌዴራሉ ቢላክ ማንንም አያስወቅስም፤ ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ ነውና ደብዳቤው መልስ ይገባዋል።